የአጎትዬው በዓል፦ ኦሩሮና ካርኒቫሏ

የታሪክ አምዳችን ዛሬ ራቅ ይልባችኋል። የምንሄደው ደቡብ አሜሪካ፣ ቦሊቪያ ነው።

ኦሩሮ በአንዲስ ተራሮች መካከል በ3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የማዕድን ከተማ ናት። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1606 ሲቆረቁሯት ቦታው ባዶ አልነበረም። የኡሩ ሕዝብ ከሩቅ እየመጣ ኢቶ የተባለውን በዓሉን ያከብርበት ነበር። ስፔናውያኑ በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከለከሉት። ሕዝቡስ ምን አደረገ? በዓሉን የክርስቲያን ልብስ አለበሰው፤ የድሮዎቹን አማልክት ከቅዱሳን ሥዕል ጀርባ ደበቃቸው።

ቲው የተባለው አምላካቸውም «ቲዮ» ሆነ፤ በስፓኒሽ አጎት ማለት ነው። ዛሬም ማዕድን ቆፋሪዎች በዋሻው ውስጥ ቀንዳም ሐውልቱን አስቀምጠው ሲጋራ፣ አልኮልና የኮካ ቅጠል ይሰጡታል። (ኮካ እንደ ጫት በጉንጭ የሚያዝ ቅጠል ነው።) ከመሬት በታች ጌታው እሱ ነዋ!

የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ታዲያ አጎትዬው አደባባይ ይወጣል። ዲያብላዳ በሚባለው ጭፈራ ቀንዳም ጭምብል ያጠለቁ ሰይጣኖች በመንገዱ ይዘላሉ፤ አብሯቸው ሰይፍ የያዘው ቅዱስ ሚካኤል አለ። ሰልፉ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዩኔስኮ እንደሚለው 28,000 ጨፋሪዎችና 10,000 ሙዚቀኞች ይሳተፋሉ። ድርጅቱ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2001 እውቅና ሰጥቶት በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሞሬናዳ የሚባለው ጭፈራ ነው። በባርነት ወደዚያ የተጋዙ አፍሪካውያንን ያስታውሳል። ጭምብሉ ጥቁር ፊት፣ የፈጠጠ ዓይንና ያበጠ ከንፈር አለው፤ እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ደስ አይልም። ጨፋሪዎቹ በእጃቸው የሚያንቋቁት ነገር ድምፁ የእግር ሰንሰለት ነው ይባላል። እርምጃቸውም ከባድ፣ ዝግ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የቆርቆሮ ማዕድን ዋጋ ሲወድቅ መንግሥት ማዕድኖቹን ዘጋና ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ብዙዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ተሰደዱ። ካርኒቫሉ ግን አልቀረም።

የሰልፉ መጨረሻ የማዕድኑ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥሯ ድሮ የሚቆፈር የማዕድን ጉድጓድ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሰይጣኖቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ጭምብላቸውን አውልቀው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በጉልበታቸው እየዳሁ ይገባሉ።