«ተገልጋይ» የተባለው ቃልና የድረ ገጽ አሠራር ታሪክ

«ሰርቨር»ን አገልጋይ፣ «ክላየንት»ን ተገልጋይ ማለት ከአንድ ግንድ የወጣ ጥንድ ስለሚያስገኝ ተርጓሚን ያማልላል። የቃሉን ብቃት የምንመዝነው ግን በነገሩ ታሪክ ነው። ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 በጄኔቭ አቅራቢያ ካለው የሰርን ተቋም ለሕዝብ ሲቀርብ አገልጋዩ ተጽፎ የተቀመጠውን ይልክ፣ የአንባቢው ኮምፕዩተር ተቀብሎ ያሳይ ነበር። በ1993 የመጣው ሲጂአይ የተባለው ስልትም አገልጋዩ ገጹን እንደ ጥያቄው እንዲያሰናዳ አስቻለ እንጂ የሥራውን ቦታ አልለወጠም። እስከዚህ «ተገልጋይ» አያስነቅፍም።

በ1995 ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ጃቫስክሪፕትን ሠራ፤ በ1998 የወጣው የዶም ደንብም «ኤለመንት ፍጠር» የሚል ትእዛዝን መደበኛ አደረገ። አንቀጹንና ሰንጠረዡን፣ ገጹ ከደረሰ በኋላ፣ የአንባቢው ማሽን ራሱ ይሠራቸው ጀመር። «ተገልጋይ» ግን ተቀባይነትን እንጂ ሠሪነትን አያሰማም፤ «በተገልጋይ በኩል የተፈጠረ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ለተገልጋዩ የተፈጠረለት ይመስለዋል። «ደንበኛ»ም ቢሆን ገበያን ያስታውሳል እንጂ አይሻልም።

እኛ «ጠያቂ»ን እንመርጣለን፤ ገጹ የትም ይሠራ የት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመነጨው ከእርሱ ነውና። (የሕመምተኛ ጠያቂን ዐውዱ ይለየዋል።) መንገድንም ቦታንም በሚያመለክተው «በኩል» ፈንታ «ዘንድ» ቢገባ ደግሞ «በአገልጋይ ዘንድ የተሠራ» እና «በጠያቂ ዘንድ የተሠራ» ያለ ብዥታ ይለያሉ።