ከአንትሮፖሎጂ ወደ ጤና ምርምር

በአንትሮፖሎጂ የተመረቁ ወጣቶች «በዚህ ትምህርት ደግሞ ምን ሥራ ይገኛል?» ይባላሉ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ለጤና ጥናት መረጃ ስሰበስብ እኔም በየደረስኩበት የተጠየቅሁት ይህንኑ ነው። መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አካባቢው ራሱ ይመሰክራል።

ፕሮፌሰር አላን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት የቤጌምድር አማሮች ስለ በሽታና ፈውስ ያላቸውን እምነትና ልማድ አጥንተው ነው። የዛሬው ደቡብ ጎንደር ያኔ የቤጌምድር አካል ነበር። ምሁሩ ኋላ በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና አንትሮፖሎጂ መምህር ሆነዋል። ከእርሳቸው በፊት ሳይመን ሜሲንግም በ1950ዎቹ የደጋውን አማራ አኗኗር ካጠኑ በኋላ ፊታቸውን ወደ ጤና አዙረው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኢትዮጵያ ጤና መጽሐፍ አሳትመዋል።

ለመሆኑ አንትሮፖሎጂስት ለጤና ምን ይፈይዳል? በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀውን የካላዛር ወረርሽኝ እንመልከት። በሽታው መጀመሪያ ወባ መስሎ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ካላዛር የቆላ በሽታ ሲባል ስለኖረ በዚያ ከፍታ ላይ የጠረጠረው አልነበረም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመለሱ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ያምናሉ። በኋላ በተደረገ ጥናትም ውሻ በቤት መኖሩና ቀን ከግራር ሥር መተኛት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ደም መርምሮ በሽታውን መለየት የላቦራቶሪ ድርሻ ነው። ማን የት ወርዶ ሠራ፣ የት አደረ፣ ሲታመም ጠበል ቀደመ ወይስ ጤና ጣቢያ ብሎ ጠይቆ፣ መልሱንም በትዕግሥት ማዳመጥ ግን የእኛ ሙያ ነው።

ወደዚህ ሙያ መግባት ለሚሹ የምመክረው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያ ጥልቅ ቃለ መጠይቅን፣ የቡድን ውይይትንና ምልከታን በደንብ መልመድ ነው። ሁለተኛ፣ ስታትስቲክስንና የኤፒዲሚዮሎጂን መሠረታዊ ሐሳብ መማር ይገባል፤ ያለዚያ ከሐኪሞች ጋር በአንድ ቋንቋ መነጋገር አይቻልም። ሦስተኛ፣ የጥናት ሥነ ምግባርን ማወቅና ከተጠያቂው ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ጅማሬው አብዛኛውን ጊዜ የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ ነው። ይህን ማንም አይናቀው፤ የገበሬውን ቋንቋና ልማድ አውቆ በየደጁ የሚደርሰው እርሱ ነውና። ከዚያ በኅብረተሰብ ጤና ወይም በሕክምና አንትሮፖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ በምርምር ተቋማት የተሻለ ቦታ ያስገኛል።

ካላዛር በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ሕመምተኛው ለምን እንደዘገየ ጠይቆ የሚረዳ ባለሙያ መኖሩ እንግዲህ የትርፍ ጉዳይ አይደለም።