ከጅዳ የመጣው ቴፕ ለምን ተቃጠለ?

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሰደዱ ልጆች ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዕቃም ሲልኩ ኖረዋል። በካሴት ዘመን ከዕቃው ሁሉ ዓይን የሚስበው ቴፕ ነበር፤ መንዙማውም ዘፈኑም የሚሰማው በእሱ ነው። አንዳንዱ ግን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ጭሶ ቀርቷል። ምክንያቱ የሁለቱ አገሮች መብራት አለመመሳሰሉ ነው።

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ሳዑዲ ግን ለአሥርት ዓመታት ለመኖሪያ ቤቶች በብዛት ያደረሰችው 127 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነበር። ለ127 የተሠራ የማሞቂያ ሽቦ 220 ላይ ሲሰካ 3 እጥፍ ኃይል ይስባል። በቴፕ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመርማ ከዚህም የባሰ ይጎዳል፤ ፊውዙ ካልቀደመው ጥቅል ሽቦው ይቃጠላል።

የሚያስቆጨው፣ ለብዙ አገር ገበያ የተሠሩ ቴፖች ከኋላቸው ቮልት መምረጫ ነበራቸው። ጅዳ ላይ 110 ወይም 127 ላይ የተደረገውን ቀስት በካቻቪቴ ወደ 220 ማዞር ይበቃ ነበር። መምረጫ ለሌለው መፍትሔው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም የዕቃውን ዋት የሚችል መሆን አለበት።

ትራንስፎርመር ግን ሄርዙን አይለውጥም። የካሴት ቴፕ ሞተር ባብዛኛው በባትሪ ዓይነት ኃይል ስለሚዞር ፍጥነቱ አይዛባም። ከመብራቱ ሄርዝ ጊዜ የሚቆጥር ባለሰዓት ሬዲዮ ግን ለ60 ተሠርቶ 50 ላይ ሲሰካ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2010 የቤት መብራቷን ደረጃ በደረጃ ወደ 230 ቮልት ለማዞር ወሰነች። ስለዚህ ዛሬ ከዚያ የሚመጣው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ መለያው በጀርባው የተጻፈው ቁጥር ነው። «100–240» ወይም «220–240» ካለ ቮልቱ ለወልድያም ይሆናል። «110» ወይም «127» ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም።

ነገሩ ከቴፕ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲባረሩ፣ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የስደቱ ትርፍ ቀድሞ የተላከው ዕቃ ብቻ ነበር። በሰው ቤት ጉልበት የተገዛ ዕቃ በአንድ ቁጥር ምክንያት አመድ ሲሆን ቤተሰቡን አላዋቂ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ለተጓዦች በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ይህን ቁጥር ማንበብ ቢካተት የሚወስደው 5 ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የወራት ደመወዝ ነው።