ገበሬው ያየው፣ ላሟ የቀመሰችው

ላም ሣር ትበላለች፤ ይሄ ለማንም አዲስ አይደለም። የባሕር አረም ትበላለች ሲባል ግን ስንቱ ያምናል? እኔ ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው የትናንት ሆኖ አላገኘሁትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የዩልዮስ ቄሣር ጦር በዛሬዋ ቱኒዝያ ምድር መኖ አለቀበት። ልምድ ያላቸው ወታደሮች ከባሕር ዳር አረም እየለቀሙ፣ ጨዉን በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ለፈረሶቻቸው ሰጡና ነፍስ አተረፉ። በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኖርዝ ሮናልድሴ ደሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1832 ነዋሪዎቹ ደሴቲቱን በድንጋይ ካብ ዞሯት። ካቡ በጎቹን ከእርሻው አስወጥቶ ባሕር ዳር አስቀራቸው፤ በጎቹም አረሙን እየበሉ ይኸው እስከ ዛሬ ዘራቸው አለ።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ የችግር መኖ ነው። ነገሩን ወደ ሌላ መንገድ የወሰደው ጆ ዶርጋን የተባለ የካናዳ ገበሬ ነው፤ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ከብት ያረባ ነበር። ማዕበል የተፋውን አረም ባሕር ዳር ወርደው የሚበሉት ላሞቹ ከቀሩት ይልቅ ጤነኞች እንደሆኑ፣ ቶሎ እንደሚፀንሱ፣ ወተታቸውም በርከት እንደሚል ልብ አለ። ልብ ብሎም ዝም አላለም፤ አረሙን ለሌሎች ገበሬዎች ልሽጥ ብሎ ተነሣ። ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ አስመርምር አሉት። ምርመራው ሮብ ኪንሌይ ለተባለ ተመራማሪ ደረሰ። ኪንሌይ የገበሬውን ወሬ አልናቀም፤ ላቦራቶሪ አስገብቶ ሲፈትነው ሚቴን የተባለው ጋዝ ቀንሶ አገኘው።

ሚቴን ምን አገባው? በላም ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ከነሱ አንዱ ወገን ሚቴን ይሠራል፤ ላሟም አብዛኛውን በግሳት ታወጣዋለች። ጋዙ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ለባለላሙም ኪሣራ ነው፤ ላሟ ከበላችው መኖ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚሁ ይባክናል።

ኪንሌይ ኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። እዚያ ከባልደረቦቹ ጋር ሲሞክር አስፓራጎፕሲስ የተባለው ቀይ አረም በላቦራቶሪ ሚቴኑን ከሞላ ጎደል አጠፋው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኤርትራ ያደጉት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኤርምያስ ክብረአብና ባልደረቦቻቸው በ21 ሰንጋዎች ላይ ለ5 ወር ያህል ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሚቴኑ እስከ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ቀነሰ፤ ሰንጋዎቹ አነስ ያለ መኖ በልተው ክብደታቸውን እንደወትሮው ጨመሩ። በ2019 ባሳተሙት የወተት ላሞች ሙከራ ግን አረሙ ሲበዛ ላሞቹ መብላት ቀነሱ፤ ወተታቸውም ከ11 በመቶ በላይ ወረደ። መድኃኒቱም መጠን አለው ማለት ነው።

ለእኛስ? የባሕር በር የለንም፤ አረሙን እንጠብቅ ካልን "ላም አለኝ በሰማይ" ይሆንብናል። ነገር ግን ከአፍሪካ ብዙ ከብት ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ የአገሬዋ ላም ደግሞ በአማካይ በቀን ሁለት ሊትር እንኳ አትሞላም። ብዙ እየበላች፣ ብዙ እያገሳች፣ ጥቂት ትታለባለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከብቶቹን ወደ ሖራ ውሃ የሚነዳው እረኛ፣ አሞሌ የሚያስልሰው፣ አተላውን ለየትኛዋ ላም ማቅረብ እንዳለባት የምታውቀው እናት፣ እነዚህ ሁሉ ሲያዩ ኖረዋል። የግብርና ባለሙያው ወደ መንደራቸው ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ለማስተማር ነው። "አንተስ ምን አየህ?" ብሎ ጠይቆ፣ የሰማውን ጽፎ፣ ላቦራቶሪ ያደረሰው ስንቱ ነው? ዶርጋን ያየውን የሚመረምርለት ሰው አገኘ። የእኛ ገበሬ ግን ስንት ነገር አይቶ፣ ጠያቂ አጥቶ፣ ያየውን ይዞ አፈር ገባ።