ውፍረትን በረኃብ ማጉደል

ውፍረትን ለማጉደል ምግብን አጥብቆ መከልከል ይሻላልን ወይስ አመጋገብን ማስተካከል? በታሪክ ሁለት ምስክሮች እናገኛለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በለንደን የቀብር ሥራ ያካሂድ የነበረው ዊልያም ባንቲንግ፥ ውፍረቱን ለማጉደል አስቀድሞ ጀልባ መቅዘፍ ሞክሮ ነበር፤ ያተረፈው ግን የምግብ ፍላጎት ነው። በ1862 በሐኪሙ በሃርቬይ ምክር ዳቦን፥ ስኳርን፥ ቢራንና ድንችን ተወ፤ ሆኖም ሥጋና ዓሣ፥ ወይን ጠጅም ሳይቀር ተፈቅዶለት፥ በቀን አራት ጊዜ ይመገብ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 21 ኪሎ ቀነሰ።

ሁለተኛው ምስክር ይበልጥ ይከብዳል። በ1945 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አንሰል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ብቻ መገባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ጐደለ። አሳባቸውም ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የወጥ ቤት መጻሕፍት የሚሰበስቡ፥ ሳህን የሚልሱም ነበሩ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸው ጊዜ ከጥጋብ አልፈው በሉ፤ የሰውነታቸው ስብም ከቀድሞው በለጠ።

እርግጥ ጥናቱ የታሰበው በጦርነት ለተራቡት እንጂ ለወፍራሞች አልነበረም፤ ወጣቶቹም ወፍራሞች አልነበሩም። ስለዚህ ማስረጃውን በጥንቃቄ እንይዘዋለን። ሆኖም ዛሬ ውፍረትን ያጐድላሉ ከሚባሉት ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓቶች ብዙዎቹ የሚፈቅዱት ካሎሪ ከዚያ ከረኃቡ መጠን ያነሰ ነው።