ዓይንን ከስኳር ያድናል የተባለው ቅጠል ታሪክ

ባለፈው ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን አሳየኝና «ኡስታዝ፣ የሽፈራው ቅጠል ስኳር የጎዳውን ዓይን ያድናል ይላል፤ እማዬ የስኳር መርፌዋን ታቁም እንዴ?» አለኝ። በፍጹም እንዳታቆም አልኩት። ወሬው ግን ጨርሶ ከባዶ የተነሳ አይደለምና ታሪኩን እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

በ1959 ሩት ቫን ሄይኒንገን የተባለች የኦክስፎርድ ተመራማሪ ስኳር በያዛቸው አይጦች የዓይን ሌንስ ውስጥ ሶርቢቶል ተከማችቶ አገኘች። የበዛውን ስኳር ወደ ሶርቢቶል የሚለውጠው አልዶስ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሶርቢቶል ደግሞ ከሴሉ በቀላሉ አይወጣም። ውሃ ይስባል፣ ሌንሱ ያብጣል፣ ከዚያም ይደፈርሳል። በእንስሳቱ ላይ የዓይን ሞራ የሚመጣው በዚህ መንገድ መሆኑን በሰፊው ያብራራው አሜሪካዊው ጂን ኪኖሺታ ነው።

ታዲያ ኢንዛይሙን ብናግደውስ? ኪኖሺታና ባልደረቦቹ በ1975 ፍላቮኖይድ የሚባሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ይህን እንደሚያደርጉ አሳተሙ። በ1977 ደግሞ ከነዚሁ አንዱን፣ ኳርሲትሪንን፣ ደጉ ለሚባሉ አይጥ መሰል የቺሊ እንስሳት አበሉ። ስኳር ይዟቸው ምንም ያልተሰጣቸው በ10ኛው ቀን ገደማ ሞራ ጀመራቸው፤ ኳርሲትሪን የወሰዱት ዘገየላቸው። ልብ በሉ፣ ዘገየ እንጂ ዳኑ አልተባለም! ሽፈራው ውስጥ ያለው ኳርሰቲንም የዚሁ የኳርሲትሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ሰው ከዚህ ተነስቶ ነው «ቅጠሉ ያድናል» የሚለው።

ከእንስሳ ወደ ሰው ሲኬድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያንኑ ኢንዛይም የሚያግድ፣ በላብራቶሪ የተሠራ ሶርቢኒል የተባለ መድኃኒት ስኳር ባለባቸው 497 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ1990 ወጣ። የሬቲና፣ ማለትም የዓይን ጀርባ ሽፋን ጉዳት የባሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 28 በመቶ፣ ካልወሰዱት 32 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ልዩነት አልቆጠሩትም። ከወሳጆቹ 7 በመቶ ያህሉን ደግሞ አለርጂ አስቸገራቸው። የተጣራና የተመጠነ ክኒን ሬቲናን ካላዳነ፣ በማንኪያ የተሰፈረ ዱቄት ያድናል ብሎ እናትን መርፌ ማስጣል እኔ በበኩሌ ከባድ ድፍረት ይመስለኛል።

በ1993 ሌላ ትልቅ ጥናት ወጣ። 1,441 ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች የተሳተፉበት ነው። ዓይናቸው ገና ካልተነካው መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት፣ በሬቲና ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ «ሽፈራውንስ ትተወው?» አለኝ። እንደ ጎመን ወጥ ሠርታ ትብላው፤ መርፌዋን ግን በሰዓቱ ትውሰድ አልኩት።