ሙቀት የሚያሻግረው መኪናና ዕድሜው

በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ስለ አንድ መኪና ታሪክና ስለ ዕድሜው ርዝመት ነው። ይህ መኪና በአውሮፓ ቤት ያሞቃል፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ግን የሕፃናትን ክትባት ያቀዘቅዛል። ሥራው ሁለት መስሎ ይታያል እንጂ አንድ ነው። በየቤታችን ፍሪጅ የምንለው ዕቃ ብርድን አይፈጥርም፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ በጀርባው በኩል ያወጣል እንጂ። እጃችሁን ከጀርባው ብታስጠጉ ይኸው ሙቀት ይሰማችኋል። የአውሮፓው መኪና ደግሞ ሙቀትን ከደጅ አየር ሰብስቦ ወደ ቤት ያገባል። ከብርድ አየር ሙቀት ይገኛል ቢሉት የሚስቅ አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

አሳቡን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 የገለጸው፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ፒተር ሪቲንገር የተባለ መሐንዲስ በኦስትሪያ አገር በኤቤንዜ የጨው ማምረቻ በሥራ ላይ ለማዋል ሞከረው። ስለ ዕድሜ የሚነግረን ግን የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንጻ ነው። በ1938 የተተከለለት መኪና ከሊማት ወንዝ ሙቀት እየወሰደ ሲያገለግል ኖሮ የተለወጠው በ2001 ነው፤ ይኸውም 63 ዓመት መሆኑ ነው። ሙቀቱን ከደጅ አየር የሚወስደው ዓይነት ግን ዝናብ፣ አቧራና ቅጠል በሚያርፍበት ስፍራ ስለሚቆም፣ በደኅና ቢያዝም ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው የሚቆየው።

አሁን ወደ ቡናው አገር እንለፍ። ቀድሞ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተብላለች፤ ቴፒም ከርስዋ ዝቅ ብላ ከባሕር ጠለል በላይ በ1200 ሜትር ገደማ ትገኛለች። የሁለቱም ዝናብ በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር ይበልጣል። ለቡና የተመቸ ይህ ሙቀትና እርጥበት ለብረት አይመችም።

በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር ማቀዝቀዣ ብዙም አላሳሰበም። የፈንጣጣው ክትባት ደረቅ ዱቄት ስለ ነበር በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ይቆያልና፣ ከታቢዎቹ በቦርሳ ይዘውት ዱር ለዱር ይጓዙ ነበር። በሽታው በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ሲቋቋም ግን ነገሩ ተለወጠ። የኩፍኝ፣ የፖሊዮና የቴታኖስ ክትባት በጤና ጣቢያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መኖር አለበት። ዋናው አደጋ ጉዳቱ አለመታየቱ ነው። ሙቀት የመታው የኩፍኝ ክትባት መልኩን አይለውጥም። እናቲቱ ልጅዋን አዝላ በጭቃው መንገድ ትመጣለች፤ ልጁ ይወጋል፤ በካርዱም ይጻፍለታል፤ ኩፍኙ በመጣ ጊዜ ግን የሚከላከልለት የለም።

ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች ይህን አደራ የተሸከመው የላምባ ማቀዝቀዣ ነው። የፈለሰፉት ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ በእሳት የሚበርድ ነውና ፍጹም የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ሞተር የለውም፤ የሚፋተግ ብልትም የለውም። የሚገድለው ጥቀርሻ ነው። ክሩ ሳይከረከም ሲቀር ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ይጤሳል፤ የጢሱ መውጫ ይደፈናል፤ ሳጥኑም ይሞቃል። ወደ ጎን ካዘነበለም በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ መዘዋወሩን ያቆማል። ስለዚህም የጤና ረዳቱ ላምባውን በየቀኑ ማየት፣ ክሩን መከርከም፣ ጢስ መውጫውን መጥረግ፣ ሙቀቱንም ጧትና ማታ በመዝገብ መጻፍ ነበረበት። የዙሪኩን 63 ዓመት ከዚህ ሰው ድካም ጋር ሳስተያየው፣ የበለጠ የማደንቀው ይህንኑ ነው።

የኤሌክትሪኩ ዓይነት ሲመጣ ክርና ጥቀርሻ ቀሩ፤ ጥበቃው ግን አልቀረም። በጀርባው ያለው ቱቦ አቧራና የቡና ገለባ ሲለብስ ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል፤ ኮምፕሬሶሩም ዕረፍት አጥቶ ይቃጠላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ማድረግ፣ ጀርባውን በብሩሽ መጥረግ፣ የበሩን ጎማ በሳሙና ማጠብ፣ የመብራቱ ኃይል ከፍና ዝቅ በሚልበትም ከተማ ስታቢላይዘር ማግባት ያስፈልጋል። ጋዙ ካለቀ ደግሞ ቀዳዳው ሳይገኝ እንደገና መሙላት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን መኪናውን ለመግዛት ፊርማው ይበዛል፤ ብሩሹን ለመግዛት ግን የሚፈርም አይገኝም።

በኋላ ዘመን በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች መጥተዋል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ስለ ነበር፣ አዲሶቹ ያለ ባትሪ ቀን በረዶ አከማችተው ሌሊቱን በዚያው ያድራሉ። በቴፒ በኩል ለነዚህ የሚያስፈልገው ጥበቃ ጥቂት ነው፤ ከጣራው ላይ ያለውን ሰሌዳ ከቅጠልና ከሻጋታ ማጽዳት፣ ቡናው የሚወደው የጥላ ዛፍም ቅርንጫፉን በሰሌዳው ላይ ከመዘርጋቱ በፊት መቍረጥ።